የማታው ፖስታ

ከጥቁር አንበሳ፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣
ባንኮኒ ይዤ ቆምኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት።
ያኔ ስጀምረው፣ ክኒን ራቁት ነበር፣
ሺህ ሆኖ ባንድ ጣሳ፣ ከጥጥ ሥር የሚያድር።

ጋሽ ወልደየስ በቢላ ጫፍ፣ አምስት አምስት እየገፋ
ይቆጥራል፣ ከንፈሩ ሳይላወስ፣ አንዲት ፍሬ ሳትጠፋ።
ቡናማ ፖስታ አውጥቶ፣ ጠርዙን በምላሱ አርሶ፣
በሰማያዊ እስክሪብቶ ይሥላል፣ መነጽሩን ከግንባሩ መልሶ፦
ለጠዋቷ፣ ከጋራ ጫፍ ግማሿን ያወጣች ፀሐይ፤
ለቀኗ፣ ሙሉ ክብ፣ ጨረሯ እንደ ጃርት፣ ከራስ በላይ፤
ለማታዋ፣ ማጭድ ጨረቃ፤
ከጎኗም ትንሽ ኮከብ፣ ካላስተዋሉ የማትታይ።

«ኮከቧስ፣ የስንት ሰዓት ናት?» አልኩት ባንዱ ምሽት።
«ብቻውን ለታመመ ሰው፣ ጨረቃ አትበቃውም ለሌሊት።»

የሳል ሽሮፕ የፈለገ፣ ጠርሙስ ከቤቱ ነው የሚያመጣው፤
አንዳንዱ ዘይት የቀረበት፣ አንዳንዱ አረቄ የሚሸተው፤
ጋሽ ወልደየስ አፍንጫውን ነፍቶ፣ «ሂድ፣ አጥበህ ና» የሚለው።

ከዚያ ብልጭልጩ መጣ። ለክኒን ሁላ ዕጣ ወጣለት፤
እንደ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ በየክፍሉ ተዘጋበት፤
ጣራው የሚያሳይ ፕላስቲክ፣ ወለሉ ስስ ብረት፤
መውጣት ሲፈልግ፣ «ጧ!»፣ ቤቱን ማፍረስ አለበት።

ሕፃን እንዳይከፍተው ተብሎ፣ ተጭነው የሚያዞሩት ክዳን፤
ሻምበል ምንውዬለት፣ ሪህ ያጎበጠውን ጣታቸውን
እያሳዩኝ ሳቁ፦ «የከፈተችልኝ የጎረቤት ሕፃን!»

ማዶ፣ ክትባት ክፍል፣ በብልቃጡ ላይ ክብ አለች፤ በመሐሏ ነጭ አራት ማዕዘን፤
ሙቀት ሲያገኛት ትጠቁራለች፣
ለሞተው መድኃኒት እንደምትለብስ ሐዘን።

ዘንድሮ ደግሞ በካርቶኑ ጎን፣ የተፈተፈተ ነቁጥ፤
ጉንዳን የወረረው መሰለኝ፣ መጀመሪያ ሳፈጥ።
ስልኬን ሳስጠጋው ይናገራል፤ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፦
የትኛው ፋብሪካ ወለደው፣ በየት ወደብ ገባ፣ መቼ ይሞታል።

ከመስኮቴ ማዶ ከተማውም፣ ማሸጊያውን ለወጠ፤
የቸርችል ዳገት መብራት ለበሰ፣ ያረጀው ግንብ ቀለም ዋጠ፤
የጋሽ ወልደየስ የፒያሳው ቤት፣
እንደ ክኒን ክፍል፣ «ጧ!» ብሎ ፈረጠ።

ትናንት ልዘጋ ስል፣ የሐምሌ ዶፍ ደጁን ይዞ፣
እትዬ ባዩሽ ገባች፤ ነጠላዋ ውኃ አርግዞ።
ከሆስፒታሉ በር ሎሚ የምትሸጥ፤ ደም ግፊት ያለባት።
አዲሱን ካርቶን ሰጠኋት፤ ማኅተሙን፣ ነቁጡን አሳየኋት።
«ስልክ ይዘሽ ከሆነ…» ስላት፣ ከጡቷ ሥር አወጣቻት፣
ትንሽዬ፣ በላስቲክ የታሰረች፤
ጆሮ እንጂ ዓይን የሌላት።

ካርቶኑን ገልበጥ አድርጋ፣ እንደ ተጠራጠሩት ብር በአምፖሉ አየች፤
«ያምራል» አለች። ቆየች። «ግን፣ ልጄ፣ የቱ ጋ ነች?»

«ማን?»

«ፀሐይዋ።»

ዝም አልኩ። ዘሩን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ካርቶን፣
ለባዩሽ አልነገራትም፣ ጠዋት ይሁን ቀን።

እስክሪብቶ ሞከርኩ፤ አንሸራተተኝ፤ ገላው ቀለም አይቀበልም።
የቁስል ፕላስተር ቆረጥኩ። ከማኅተሙ አጠገብ ለጠፍኩት፤
ቁስል ያለበት ካርቶን መሰለ፤ ግድ የለም።
ግማሽ ፀሐይ ከጋራ ጫፍ። እጄ አልረሳም።
ማጭድ ጨረቃ።

አመነታሁ።
ሁለት ፍሬ ነው የታዘዘላት፤ ሦስተኛ ምልክት ያሳስታል፤
ተምሬያለሁ፤ ፈርሜያለሁ፤ ይህን የሚከለክል ደንብ በግድግዳዬ ተለጥፏል።
ኮከቧን ሣልኩ።

እትዬ ባዩሽ በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።
«ይቺስ?» አለችኝ።

«እሷ» አልኳት፣ «አትዋጥም።»